ሁለት ሌንስ፣ አንድ አፍንጫ

ጥር 20፣ ሰኞ

ቀዝቃዛ ቀን። እስከ ምሳ ሰዓት ሦስት ራስ ብቻ ቆረጥኩ... ፀጉሩን ማለቴ ነው።

ዳቦ ጋጋሪው ባለፈው ሳምንት ያነሳሁትን ፎቶ ይዞ መጣ። ወንበሩ ላይ አልተቀመጠም። ፎቶውን መስታወቴ ላይ ለጠፈና አንዴ እሱን፣ አንዴ ራሱን እያየ ቆመ።

«ይሄ የማን አፍንጫ ነው?» አለኝ።

ያንተ ነው አልኩት። ፊቱ ላይ ድንች ተሸክሞ እንደማይዞር፣ ሚስቱም ፎቶውን አይታ «እርሾ በልተህ ነው ወይ?» እንዳለችው ነገረኝ። ሳቄን ለመደበቅ ጎንበስ ብዬ የተጠረገውን ወለል እንደገና ጠረግኩ።

ደግሞ እኮ እውነቱን ነው። ሠላሳ አምስት ሚሊዋ ሌንሴ፣ ድቡልቡሏ፣ በጣም ቀርበው ካነሱባት አፍንጫ ታሳብጣለች። ሰፈሩ «አፍንጫ አሳባጩ» ይለኛል። ምን ላድርግ? ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ ሰው ፊት ሥር ገብቼ ነው የምውለው። ከክንድ በላይ የራቀ ሰው አገር የለቀቀ ይመስለኛል። ርቀህ አንሳ ብሎ ያስተማረኝም የለም። ካሜራውን ገዛሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫንኩ፣ ያልገባኝን ተውኩ... ትምህርቴ ይኸው ነው።

ከመንገዱ ማዶ እትዬ የስፌት መኪናዋን ታንደቀድቃለች። ካሜራ አንገቴ ላይ ስታይ ራሷን ነቀነቀች። ታላቅ እህት የተፈጠረችው ራስ እንድትነቀንቅ ነው መሰለኝ።

ጥር 21፣ ማክሰኞ

የእትዬ ልጅ መጣች። ሥራ አገኘሁ አለችኝ... መርዶ የምትነግረኝ ነው የሚመስለው።

ዋናው መንገድ ላይ ያለው ፎቶ ቤት ለሙከራ ወስዷታል። ባለቤቱን አውቀዋለሁ። በሆዴ ጋሽ ብልጭታ ነው የምለው፤ መላጣው ከፍላሽ ይበልጥ ያበራል። ፀጉር አስተካካይ በመላጣ ላይ ቂም አይጠፋውም።

የሰውዬው ሕግ አንድ ነው። ቦርሳ ውስጥ ሁለት ሌንስ ብቻ፤ ሦስተኛ ይዞ የተገኘ ወደ ቤቱ። ከሷ በፊት የነበረው ልጅ ሌንስ በሌንስ ሆኖ ነበር አሉ የሚዞረው። አንዱን ፈትቶ ሌላውን እስኪገጥም ሙሽራው ቀለበቱን አጥልቆ፣ ሙሽሪትን ስሞ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል።

«የትኞቹን ሁለት ልያዝ?» አለችኝ።

እንዲህ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ካልተሳካላት እትዬ ፍርዷን ሰጥታለች፤ ልጅቷ ከናቷ ጎን ሁለተኛው የስፌት መኪና ላይ ትቀመጣለች። ዛሬ በመስኮት አየሁ። እትዬ መኪናውን ጠርጋ ዘይት ስታጠጣው ነበር። ልጅቷ ደግሞ መርፌ ስታይ ጣቶቿን የምትደብቅ ናት...

ጥር 23፣ ሐሙስ

ሱቁን ለምሳ ዘግቼ አብሬያት ወጣሁ። እስቲ ስታነሺ ልይሽ ብዬ።

የራሷ ሌንስ አንድ ነው፣ ረጅም ዙም። አንድ ሁለት ዓመት አጠራቅማ የገዛችው ነው፤ እንደ አራስ ልጅ በግራጫ የሱፍ ካልሲ ጠቅልላ ትይዘዋለች። እኔ ቱቦው እለዋለሁ። በሱ ከዚህ ሆኖ እዚያ ማዶ የቆመ ሰው ጥርስ መካከል የቀረ ጎመን ማየት ይቻላል።

ጫማ ሰፊውን ልታነሳ የመብራት እንጨት ጀርባ ተደበቀች። አትክልት ሻጯን ከቆመ መኪና ኋላ። የምታነሳ ሳይሆን የምትሰርቅ ነው የምትመስለው። ያነሳችውን አሳየችኝ። ብርሃኑ ያማረ፣ ሰዎቹ ግን ሁሉም ጎንና ጀርባ። ማጅራት በማጅራት።

ማጅራት እኔም አውቃለሁ አልኳት፣ ስላጭ ነው የምውለው፤ ግን እስካሁን ማጅራቱን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ደንበኛ አልገጠመኝም። ሳቀች። ከዚያ ቱቦውን በካልሲው መጠቅለል ጀመረች። እየጠቀለለች፣

«አጎቴ፣ ሰው ቀና ብሎ ሲያየኝ እጄ ይንቀጠቀጣል» አለችኝ።

አንጀቴን በላችው። ለካ ቱቦው መደበቂያዋ ነው...

ቀልዴን ዋጥ አድርጌ ምክር ጀመርኩ። ድቡልቡሏን ውሰጂ፤ እሷን ይዞ ሰላም ሳይሉ ማንሳት የለም፣ ቀርበሽ እንዴት ዋልክ ማለት ግድሽ ነው። ሁለተኛ ሰማንያ አምስቷን። መሳቢያዬ ውስጥ ተኝታለች፤ ጨዋዋ እላታለሁ። ጥቂት ራቅ ብለው ካነሱባት የሰውን ፊት ሳታሳብጥ ሳታከሳ እንዳለ ታወጣለች። (ስለዚህ ነው የማልጠቀምባት።) በነዚህ ሁለቱ ቤትም መንገድም፣ ሰርግም ስብሰባም ይሠራል። ቱቦው ይቅር።

ድቡልቡሏን ለይሉኝታ ተቀበለችኝ። ቱቦዬን ግን አልተውም አለች። ግግም አለች። የእናቷ ልጅ!

ጥር 25፣ ቅዳሜ

ምከራት፣ ምከራት፣ እምቢ ካለች... ጠርሙስ ይምከራት።

ጠዋት ቦርሳዋን እኔ ዘንድ አስቀምጣ ወደ እናቷ ተሻገረች። ፎቶ ላነሳ ልወጣ ነው ብላኛለች። የሰፈር ልምምድ መሰለኝ። ቱቦውን ከካልሲው አወጣሁና ውሃ የሞላ ጠርሙስ ከተትኩበት። በሁለት እጄ መዘንኩ፤ አይለያዩም። እንግዲህ ከድቡልቡሏ በቀር ምንም የላትም። መጥታ ቦርሳዋን ይዛ ስትወጣ ብቻዬን ስስቅ ደንበኞቼ ጤንነቴን ጠየቁ።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መንገዱን ተሻግራ መጣች። ልጅቷ ዛሬ የመጀመሪያ ፈተናዋ ላይ ናት። የአውቶቡስ ድርጅቱ አንድ ትኬት ሻጭ በጡረታ ይሸኛል፤ ጋሽ ብልጭታ ብቻዋን ልኳታል። ይቀልድብኛል ብላ ነው እኔን የደበቀችኝ።

ምላጬ ደንበኛው አገጭ ላይ ቀጥ አለ። ቱቦው ከማበጠሪያዎቼ ጋር መሳቢያ ውስጥ ተኝቷል...

ግማሽ የተላጨ ሰው ትቼ፣ ቱቦውን ታቅፌ፣ ሽርጤን ሳልፈታ ሮጥኩ። የድርጅቱ ዘበኛ በር ላይ ያዘኝ። ምንድነው ያቀፍከው? ሌንስ ነው፣ የፎቶ አንሺዋ። ፎቶ አንሺዋ ውስጥ ሆና ሌንሷ ውጭ ምን ይሠራል? አንገቴን ደፍቼ ተመለስኩ። ሰውዬው በግማሽ ፂሙ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ሲመሻሽ መጣች። ጠርሙሱን ጠረጴዛዬ ላይ አቆመችው። ባዶ ነው።

«ውሃው ጥሩ ነበር» ብላ ወጣች።

ጥር 26፣ እሑድ

አላናገረችኝም። እትዬም ሰምታ አላናገረችኝም። ሁለተኛው የስፌት መኪና ክር ገብቶለታል።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

ገባችና ደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጠች። በመስታወቱ ነው የምንተያየው። ስድብ እየጠበቅኩ ነበር፤ ታሪክ አመጣችልኝ።

አዳራሹ መጨረሻ፣ በሩ ሥር ነበር የቆመችው። ንግግር ሲጀመር ካልሲውን ፈታች... ጠርሙስ። ቦርሳዋን ዘግታ ልትወጣ ስትል ከፊት የተቀመጠው ተሰናባቹ ትኬት ሻጭ፣ ሽማግሌው፣ ተመለከታት። ከካልሲ ውስጥ ጠርሙስ የምታወጣ ልጅ ያየ ሰው ምን ያደርጋል? ሳቀ። ከዚያ በእጁ ጠራት። ንግግሩ ረዝሞ ጉሮሮው ደርቋል፤ ውሃው ለሱ የመጣ መስሎታል።

ያን ሁሉ ሰው አቋርጣ ሄደች። ሰጠችው፤ ጠጣ። ተመልሳ ለመሄድ ደግሞ አፈረች፤ እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች። ሽማግሌው በሹክሹክታ ተናጋሪዎቹን ያማላት ጀመር። ያ አሁን የሚያመሰግነኝ ሥራ አስኪያጅ፣ ያለ ትኬት ሲሳፈር ይዤው አውቃለሁ... እሱ ሲያማ እሷ ስትስቅ፣ ድቡልቡሏ ሥራዋን ሠራች።

ጋሽ ብልጭታ ፎቶዎቹን ትናንት አይቷል። መድረኩ ላይ ያሉት ሰዎች ጉንዳን አክለዋል ብሎ ተቆጥቶ አብዛኛውን ጣለ። አንዱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ ይስቃል፣ ጠርሙሱን እንደ ዋንጫ ይዞ።

«ምን ብለሽው ነው እንዲህ የሳቀው?»

«ውሃ ሰጠሁት።»

አንድ ዕድል ጨመረላት። የካቲት 9፣ ሰርግ። እሱም ካልሆነ በቃ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ከልቤ ነበር፤ ይሄ ፊቴ ነው የማይታመነው። ቅጣት ፈረደችብኝ። ድቡልቡሏ ከሷ ጋር ትቆያለች። እኔ በጨዋዋ ብቻ፣ ከሱቄ ደጃፍ ፈቀቅ ሳልል ላንሳ። ሰው አጠገብ መድረስ ክልክል።

«ያኔ የማን እጅ እንደሚንቀጠቀጥ እናያለን» አለች። ይሄን ምላስ ከማን ተማረችው?

ጥር 30፣ ሐሙስ

ደጃፌ ላይ ተገትሬ ዋልኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ጨው የሌለው ሥራ...

ሰልችቶኝ ጨዋዋን ወደ እትዬ ሱቅ አዞርኩ። ልጅቷ የሽማግሌውን ፎቶ አሳትማ ሰጥታት ነበር። እትዬ ያን ዕለት «እሺ፣ አስቀምጪው» ብቻ ነው ያለቻት። አሁን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ፊቷ ቆሟል። እትዬ ከጨርቅ ክምሩ ሥር ያንን ፎቶ መዘዘች። በእጅጌዋ ጠረገች። አሳየችው። ሰውዬው ሄደ፣ ሌላ ሴትዮ መጣች። መዘዘች፣ ጠረገች፣ አሳየች።

የምትለው አይሰማኝም። ፊቷን ግን አየሁ። ይሄን ፊት አላውቀውም። እኔ ስጠጋ የሚጠፋ ፊት መሆን አለበት።

አነሳሁት።

የካቲት 1፣ ዓርብ

ሆዴ ቻል አላለኝም። አሳተምኩና ተሻገርኩ። ካሜራ አልያዝኩም፤ ስለዚህ ቅጣቴን አልጣስኩም።

እትዬ ፎቶውን አየችው፣ አየችው።

«ራቅ ብለህ ስታየኝ ነው ሰው የመሰልኩህ?»

ከዚያ ፊቷን አጠቆረች። ለልጅቷ እንዳላሳያት አስማለችኝ። ካየች ትኮራለች፣ ከኮራች ትሰንፋለች። እሺ፣ አላሳያትም አልኩ። ድገመው አለችኝ። ደገምኩ። ታውቀኛለች...

የካቲት 7፣ ሐሙስ

ልጅቷ ለሰርጉ ቦርሳዋን ልታዘጋጅ መጣች። ሰሞኑን ጫማ ሰፊው ዘንድ ስትመላለስ ነበር። የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው፣ ሴት ልጁ የት እንደተዳረች ሳይቀር ነገረችኝ። ፎቶዎቹን አየሁ። ማጅራት የለም።

ቱቦውን ራሷ መሳቢያዬ ውስጥ አስተኛችው። ይረፍ፣ ደክሞታል አለች። ድቡልቡሏ ለጭፈራውና ለዘመድ ግርግር። ጨዋዋ ለሙሽሪት ፊት፣ ደግሞ ጥግ ይዞ እንባውን ለሚጠርግ አባት፤ እሱን ተጠግቶ መረበሽ ነውር ነው። «የሙሽሪትን አፍንጫ ካሳበጥኩማ ከነቬሏ ታባርረኛለች።»

ጨዋዋን እኔ ልጠቅልልሽ አልኳት፣ በግራጫው ካልሲ። ጠርጠር አድርጋ አየችኝ፤ አውጥታ ፈተሸች። ሌንስ ነው። ካልሲውን መልሼ ስቋጥር ግን እናቷም በጎን ሹልክ ብላ ገባች... ፎቶዋ ማለቴ ነው።

መሐላዬ ተጠብቋል። እኔ አላሳየኋትም። ካልሲው ካሳያት እኔ ምን አገባኝ?

የካቲት 9፣ ቅዳሜ

ሰርጉ ዛሬ ነው። የአንድ ደንበኛ ፂም በግራ በኩል ብቻ አሳጠርኩ። ማዶ እትዬ አንዱን ሱሪ ትፈታለች፣ ትሰፋለች፣ መልሳ ትፈታለች። በመስኮት ስንተያይ ሁለታችንም ሥራ የበዛበት ሰው መሰልን።

የካቲት 11፣ ሰኞ

ተቀጠረች!

ጋሽ ብልጭታ ብዙ አልተናገረም አሉ። ፎቶዎቹን አገላብጦ ሲጨርስ መላጣውን አሻሸና የሱቁን ቁልፍ ሰጣት። የሙሽሪት አባት እንባውን ሲጠርግ ያነሳችውን ለቤተሰቡ ትልቅ አድርጎ ሊያትመው ነው።

ስለ ካልሲውስ አልኳት፣ እንደ ዋዛ። ካልሲው አቧራ ነበረው፣ ዓይኔን አስለቀሰኝ አለች። ከዚያ አንገቴን አቀፈችኝ፤ ሽርጤ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ተላለፈባት።

የካቲት 19፣ ማክሰኞ

ሁለቱ ሌንሶች የሷ ሆኑ። መሳቢያዬ ውስጥ የቀረኝ ቱቦው ነው፤ ተለዋወጥን ብል ይሻላል። ከደጃፌ ሆኜ ሰፈሩን እሰልልበታለሁ። ሰው «አፍንጫ አሳባጩ ጡረታ ወጣ» ይላል።

ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ አለች። ዳቦ ጋጋሪውን እየላጨሁ ነበር። በሁለታችን መካከል ሰተት ብላ ገብታ ድቡልቡሏን ፊቴ ላይ ደቀነችብኝ። ኧረ ራቅ በይ አልኳት። እኔ!

«አጎቴ፣ አትነቃነቅ» አለች።

ትንፋሿ ይሰማኛል። እጇን አየሁት። ቀጥ ብሏል።

ከሰዓት በኋላ እትዬ ጠራችኝ። ዳቦ ጋጋሪውም ነገር ሸቶት ተከተለኝ። ሁለተኛው የስፌት መኪና ክሩ ወጥቶለታል፤ ጨርቅ ለብሶ የፎቶ ማስቀመጫ ሆኗል። ትኬት ሻጩ ጠርሙሱን ይዞ፣ ጫማ ሰፊው ድዱ እየታየ ይስቃሉ። በመሃላቸው፣ ከመንገድ በሚታይበት በኩል፣ አንድ ትልቅ፣ ክብ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር። ከኋላው ትንሽ ፊት አለ።

ዳቦ ጋጋሪው ያቺን ቀን ስንት ጊዜ ሲጠብቅ ኖሯል?

«ይሄ የማን አፍንጫ ነው?» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ።

አፌን ልከፍት ስል እትዬ ቀደመችኝ። ከመኪናዋ ቀና እንኳን አላለችም።

«የልጄ ሥራ ነው» አለችው።