የዴልሂ ማህተም

አሰላ፣ የካቲት ፲፪ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

በባቡርም ሆነ በአውሮፕላን ይድረስ ለባለቤቴ ለመርሻ፣ ቦምቤይ፤

ጤናህ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንስት ናት። ብርዱ እንደምታውቀው ነው፤ ያንተን ካፖርት ለብሼ ነው ቢሮ የምውለው።

ጥር ፲፪ የጻፍከው ደብዳቤ ደርሶኛል። «ከቦምቤይ» ብለህ ትጀምርና ጥምቀትን ጉንፋን ይዞህ ብቻህን ተኝተህ እንደዋልክ ትነግረኛለህ። አንጀቴን በላኸው። ከዚያ ፖስታውን ገለበጥኩት። ምን ነካህ መርሻ? ሚስትህ አሰላ ፖስታ ቤት ማህተም ስትመታ የምትውል ሴት መሆኗን ረሳኸው? ማህተሙ ዴልሂ ይላል፣ ጃንዋሪ ፳፩። በእኛ ያው ጥር ፲፪ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ።

ስትሄድ ምን ነበር ያልከኝ? ከእኔ በፊት አጭተሃት የነበረችው ተናኘወርቅ ዴልሂ ነርስነት ትማራለች፤ «እኔ ቦምቤይ ነኝ፤ በባቡር አንድ ቀን ከአንድ ሌሊት ነው፤ ምን ያገናኘናል?» እኔ ሞኟም አመንኩ።

ትምህርት ቤት ሄጄ መምህር ይርሳውን ጠየቅኩት። የምድር ሉሉን አውርዶ ከቦምቤይ ዴልሂ በክር ለካልኝ። ክሩ የአውራ ጣቴን ግማሽ አይሞላም። «በአየር ሺህ አንድ መቶ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ግድም፤ በጄት ሁለት ሰዓት ነው» አለኝ። ሁለት ሰዓት! የበቆጂ ፖስታ እንኳ ክረምት ጭቃ ሲይዘው መንገድ ላይ ያድራል። ቀናሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ለትምህርቱ ጉዳይ ሄዶ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል፣ በማግስቱ የተናኘወርቅ እናት እማማ ወለተ ማርያም መጡ። ደብዳቤ ያነቡላቸው የነበሩት ቄስ ካረፉ ወዲህ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ልጅቱ ይህን አታውቅም። «በይ አንብቢልኝ ልጄ» ብለው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ፈተናዋ አነበብኩላቸው። ከዚያ እንዲህ ይላል፦ «ለጥምቀት መርሻ በአውሮፕላን መጥቶ አብረን ዋልን። እማዬ፣ ይህን ለየውብዳር እንዳትነግሪብኝ።»

ይህን እስከ ስሜ ድረስ ለራሴ ብቻ አነበብኩትና አቆምኩ። «ምነው? ታመመች እንዴ ልጄ?» አሉ።

«የለም እማማ፣ ጽሕፈቷ አልነበብ ብሎኝ ነው። ለየውብዳር ሰላም በይልኝ ትላለች።»

ደስ አላቸው። «አየሽ፣ ልጄ ቂም አታውቅም» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ባልሽን በሰላም ይመልስልሽ ብለው መረቁኝ። አሜን አልኩ፤ ሌላ ምን ልበል?

ለልጃቸው መልስ አጽፈውኛል። እሳቸው ያሉትን አንድ ቃል ሳልጨምር ጻፍኩ። በመጨረሻ ግን እንደ ደንቡ «አንባቢዋም ጸሐፊዋም የውብዳር» ብዬ ስሜን አስፍሬበታለሁ። ሁለቱም ደብዳቤ በአንድ ከረጢት ይሄዳሉ። ማህተሙን የመታሁት እኔ ነኝ፤ በእሷ ላይ እጄ ትንሽ ከብዷል።

ትምህርቱን አንድ ዓመት ላራዝመው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ከቦምቤይ አዲስ አበባ ስንት ሰዓት እንደሆነ መምህር ይርሳውን አልጠየቅኩትም። እሱን አንተ ቁጠረው። አታራዝም። ና።

የእማማን ምርቃት ያድርስልህ፤ በደህና ያግባህ።

ካፖርትህን ያላወለቀችው፣
የውብዳር