ሳጥን ውስጥ የከተትኩት መርፌ

ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛው ሊገባ ነው። ሊሙ ገነትን ለቅቀን ጅማ፣ በቾ ቦሬ ገብተናል። ልጃችን ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ እልኋ ቁርጥ ያንተ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለዘመድ ያልነገርኩት፣ ለንስሐ አባቴም የደበቅሁት ነገር ስላለ ነው።

ያ ስኳሩ እግርህን የሚያቃጥልህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ጫማውን ሳይወለውል ከቤት የማይወጣው መምህር፣ ካልሲ እንኳ ከብዶህ ነበር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የቫይታሚን ኪኒን ሲሰጥህ ለእግርህ ሊያግዝህ እንደሚችል፣ ኢንሱሊኑን ግን እንዳትተው ደጋግሞ ነገረን። ሁለታችንም ሰምተናል። ማቃጠሉ ቀለል ሲልልህ ግን ዳንኩ አልክ። መሠረተ ትምህርት ልታስተምር እንደ ጎረምሳ እየፎከርክ ወጣህ። አንተን ደግሞ ማን ይመልስሃል!

እኔስ? እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። በየጠዋቱ መርፌውን ቀቅዬ፣ እርጥብ አሸዋ ውስጥ ከቀበርነው እንስራ የኢንሱሊኑን ብልቃጥ አውጥቼ ስወጋህ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንተ ደግሞ የገረፍካቸው ተማሪዎች ሊበቀሉህ እጄን እንደያዙት እየነገርክ ታስቀኝ ነበር። ዳንኩ ባልክ ቀን እፎይ ብዬ፣ መርፌውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። ራስህን ስተህ ጅማ ሆስፒታል ስናደርስህ ሐኪሙ ቫይታሚን የሚጠቅመው ለጎደለበት ሰው መሆኑን፣ የኢንሱሊንን ሥራ ግን እንደማይሠራ ነገረኝ። አንተ ያኔ አትሰማም ነበር። ለቀስተኛው ቀኑ ደርሶ ነው ሲል እኔም አዎ አልኩ።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን አባ ፊጣ መጡ። እሳቸውም ስኳር አለባቸው። ከሄርማታ ገበያ የገዙትን የቫይታሚን ብልቃጥ እያሳዩኝ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ መርፌ ቀረልኝ አሉ። ደስታቸው ያንተኑ ደስታ መሰለኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ግን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሳጥኑን ጭምር። ይጠየፉኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይናቸው ስለደከመ እኔ ልወጋቸው እችል እንደሆነ ጠየቁኝ። ቫይታሚኑን ጣሉት አላልኳቸውም፤ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፣ መርፌውን ግን አይተዉ አልኳቸው።

አሁን በየጠዋቱ እሳቸው ቤት መርፌ እቀቅላለሁ። ውሃው ፈልቶ ብልቃጡን ባነሳሁ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አላቋርጠውም። ትናንት አባ ፊጣ ደክሟቸው፣ ለዛሬ እንኳ ይቅርብኝ ብለው ለመኑኝ።

እምቢ አልኳቸው። ያቺን እምቢ ማለት የነበረብኝ ላንተ ነበር።