ከባልቴቷ ስር የወጣችው ኮከብ

ግንቦት 15፣ ምሽት 1፡30
ሱቁ ተዘጋ። መግሪብ ሰገድኩ። ከማንጎው ስር አግዳሚዬ ላይ ነኝ። ሙቀት፤ ከባሮ ጥቂት ነፋስ። እንደ ወትሮው ወደ ደቡብ አያለሁ። በግራ አራት ኮከቦች፣ በቀኝ አራት፣ መሃላቸው ብቻዋን የምትቆም አንዲት። ባልቴቷ ካልኳት ስድስት ዓመት ሆነ። ዛሬ ከስሯ ሌላ አለች። እኩል ያበራሉ። ዓይኔን አሸት አሸት አደረግኩ። አለች።

ግንቦት 16፣ 1፡30
አለች። ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። አባቴ ዓይኑ ከመጥፋቱ በፊት የሌለ ብርሃን ያይ ነበር። ወርቅ ገዢ ነበር፣ እንደ እኔው። ከዲማ የሚመጣልኝን ወርቅ የምለየው በዓይኔ ነው። ዓይኑ ከተጠረጠረ ነጋዴው አለቀለት። ባለቤቴ ሐሊማ ምን እንደማይ ጠየቀችኝ። ዝናብ አልኳት።

ግንቦት 17
ኦጁሉ መጣ። ሰው በታንኳ ባሮን ያሻግራል። ሰማዩን ከእኔ አብልጦ ያውቃል። በቀጥታ አልጠየቅኩትም፤ ዋጋ ቀድሞ የጠራ ይከስራል። ሰማዩ ጥሩ ነው አልኩ። ጥሩ ነው አለ። አዲስ ነገር የለም ወይ አልኩ። "አንተ ነጋዴ፣ አዲስ ነገር ያለው ሱቅ ነው። እኔ ጋ ዓሣ ብቻ!" ሳቀ። እስኪሄድ ድረስ ግን አንዴም ወደ ደቡብ ቀና አላለም። ለምን እንደሆነ እንጃ።

ግንቦት 18
ደመና። ወርቅ ይዞ የመጣ ሰው ነበር። ነገ ና አልኩት። እኔ ሰውን ነገ ና ብዬ አላውቅም።

ግንቦት 19፣ 1፡45
ደመናው ተከፈተ። ባልቴቷ እንዳለች ናት፤ የታችኛዋ ደክማለች። ብትጠፋ ዳንኩ ማለት ይሆናል። እኔ ግን እንዳትጠፋ ስማጸን ራሴን አገኘሁት። ሞኝ።

ግንቦት 20፣ 1፡15
ቆረጥኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ እፍኝ በቆሎ ይዤ ወደ ታንኳው ወረድኩ። በአራቱና በአራቱ መሃል ያለውን ሰማይ አሸዋ ላይ በፍሬ ደርድርልኝ አልኩት፤ እኔም እደረድራለሁ፣ ጀርባ ለጀርባ። ነጋዴ ሥራ ፈታ ብሎ ሳቀብኝ። ግን ተቀመጠ። ጨርሰን ዞርን። ከብቸኛዋ ፍሬው ስር ሌላ ፍሬ አስቀምጧል። ልክ እኔ ባስቀመጥኩበት ቦታ።

ጎንበስ ብሎ የእኔን ፍሬ በጣቱ ነካ።

"አንተም?" አለኝ።

እኔ ካየኋት ማታ ጀምሮ እሱም አይቷታል። ዓይኔ አረጀ ብሎ ደበቀ። "የማያይ ሰው ቢቀዝፍ ማን ይሳፈራል?" እኔ እሱ እንዲጀምር፣ እሱ እኔ እንድጀምር፤ ዋጋ እንደሚጠባበቁ ሁለት ቆንቋኖች ኮከቧን ልናስመልጣት ነበር! እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ጨረቃ በርትታለች፣ ኮከቧ ደብዝዛለች። የከተማው መብራት ከማይደርስበት ከወንዙ መሃል እንሰናበታት ይላል ኦጁሉ። ዋና አልችልም። ስድስት ዓመት ሙሉ ታንኳው ላይ ወጥቼ አላውቅም። ለሐሊማ ሁሉንም ነገርኳት፣ የአባቴን ሳይቀር። ሻሿን አስራ በር ላይ ቆማለች፤ እሷም ልታይ ነው። ኦጁሉ ከታች እየተጣራ ነው፣ ቶሎ በል