ቁመቱን አስቀድሜ

ልጄ፣ የረገጥከው መሬት ይለስልስልህ፣ ያየህ ሁሉ ይውደድህ። እኛ ደህና ነን። የስፌት መኪናዬ ተጠግኖ እንደ አዲስ ይሮጣል፤ ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል።

አንድ ነገር ልንገርህ፤ እህትህ እንዳትሰማ። የቤት ሥራዋ «ዋይ እኩል ይሆናል ሁለት ኤክስ ሲደመር አንድ» የሚለውን በግራፍ መሣል ነበር። አንተ ከጣልካቸው ወረቀቶች የቃረምኩትን ተማምኜ «ይቺማ ለኔ ምን አላት!» አልኳት። ኤክስ አንድ ሲሆን ዋይ ሦስት ይሆናል፤ ይህን አልሳትኩም። ነጥቡን ሳስቀምጥ ግን ልብስ እንደምለካው ቁመቱን አስቀደምኩ፤ አንድ ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ጎን፤ ለካ ተገላቢጦሽ ኖሯል። ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ስለገጠሙልኝ ትክክል መሰለኝ።

በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ስትሥለው ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። መምህሩ «ማን አሳየሽ?» ቢላት «ራሴ ነኝ» አለች። የነገረችኝ ጓደኛዋ ናት፤ እሷማ «ጥሩ ነበር እማዬ» ብላኛለች። ከዚያ ወዲህ የምታጠናው ጎረቤት ሄዳ ነው። «እንዳላስቸግርሽ ብዬ እኮ ነው» ስትለኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አደራ፣ ሥራ ሲቀልህ የግራፉን ነገር ከሥር ጀምረህ ለኔ ብቻ ጻፍልኝ። ሲገባኝ «ያን ቀን የሳትኩት እኔ ነኝ» ብዬ ወደ ጠረጴዛዬ እጠራታለሁ።

እጅህ የነካው ሁሉ ይቅናልህ።

እናትህ