የጎበጠው መስቀልና የሱቄ በር

ውድ ወንድም ጋሼ፣

ካረፍክ ሰባት ዓመት ሞላህ። ሰው ሁሉ «ብፁዕ አባታችን» ሲልህ እኔ እስከ መጨረሻው ወንድም ጋሼ ነበር የምልህ፤ አሁንም አመሌ አልለቀቀኝም። የምጽፍልህ ተናድጄ ነው። በሕይወት ብትኖር ኖሮ ጢምህን እየዳበስክ «መጀመሪያ ተቆጥተህ ጨርስ» ትለኝ ነበር።

ስለ ጵጵስና ዘመንህ ዐውደ ርእይ እየተዘጋጀ ነው። ያኔ ጸሐፊህ የነበረው፣ ዛሬ የሀገረ ስብከቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ትናንት አዳራሹን አስጎበኘኝ። ካባህ፣ መነጽርህ፣ የላይ ሰፈርንና የታች ሰፈርን ልጆች አንድ ላይ ያስተማርክበት ትምህርት ቤት ፎቶ። እስከዚህ ደህና ነው። መጨረሻ ላይ የእጅ መስቀልህ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ ከሥሩ «ሕዝብ ከመባረክ ብዛት የጎበጠ» ይላል።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። አያምርም?»

«ብረት በቡራኬ ይጎብጣል እንዴ? እኔ እኮ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ነው የሸጥኩት።»

«ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ ሁሉን ሚዛን ላይ ካላወጡ አይሆንልዎትም» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እውነቱ ይጻፍ ካሉ የእርስዎም ስም ይነሳል፣ የእኔም። ማን ይጠቀማል?» አለኝ።

እንደ ነጋዴ ሳስበው እውነቱ አለመጻፉ ለሁለታችንም የሚያዋጣ ነገር ነው። እኔን ያቃጠለኝም ይኸው ማዋጣቱ ነው።

ቤት ገብቼ የማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። መስቀልህ የጎበጠ ቀን እንዲህ ብዬ ጽፌያለሁ፦ «የላይ ሰፈር ሰዎች ዱላ ይዘው ወጡ። የታች ሰፈር ሴቶችና ልጆች ወደ መንበረ ጵጵስናው ሸሹ፤ ጸሐፊው በሩን ቆልፎ ለወንድም ጋሼም አልከፍትም አለ። ወንድም ጋሼ ወደ ሱቄ ይዟቸው መጣ። ከውስጥ ሆኜ፣ ሱቄን ያቃጥሉብኛል፣ ሌላ ቦታ ውሰዳቸው አልኩት። የብረት በሬን በመስቀሉ ደበደበ። ጆሮዬን ያዝኩ።»

ሩብ ሰዓት ደበደብክ። ከዚያ «እሺ፣ አትክፈት» አልከኝ፤ «እኔም ከእነሱ ጋር እዚሁ ደጅህ ላይ እቀመጣለሁ።» ስትቀመጥ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው መቀርቀሪያውን የሳብኩት። እነሱን አስገብተህ አንተ እስኪመሽ ደጃፉ ላይ ቀረህ፤ ዱላ የያዙት መጥተው አዩህና አንድ በአንድ ተመለሱ። በኋላም አልወቀስከኝም። «በርህ ጠንካራ ነው» ብቻ አልክ። ያቺ ቃል ከስድብ ሁሉ በለጠችብኝ።

ትምህርት ቤቱም፣ የሁለቱ ሰፈሮች ዕርቅም የመጣው ከዚያ ቀን በኋላ ነው። አሁን ግን ሁሉም በር እጅህን ስታነሳ የሚከፈትልህ ሰው አድርገውሃል። ማን እንደዘጋብህስ?

ባለቤቴ ደብተሩን ከእጄ ተቀብላ አነበበችና «በሩን ሦስቴ ቀለም ቀባኸው፤ የመስቀሉ ስርጉድ መች ጠፋ?» አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ቀለሙን አስፍቄ በሩን አስነቀልኩት። በጭነት መኪና አዳራሹ ደረስን። ሥራ አስኪያጁ ስርጉዶቹን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ የት ሊቀመጥ ነው?»

«ከመስቀሉ ጎን።»

የደብተሬን ገጽ በሌላ ወረቀት ገልብጬ በሩ ላይ ለጠፍኩ። እሱ የቆለፈውን በር የሚያነሳውን መስመር ብቻ ባዶ ተውኩለት። «ይቺን አንተ ሙላት» አልኩት። እስክሪብቶዬን ተቀበለኝ። ከዚያ መስታወቱን ከፍቶ የቡራኬውን ጽሑፍ አነሳና ኪሱ ከተተው። መስመሯን ይሙላት አይሙላት አላውቅም፤ እስክሪብቶዬን ግን አልመለሰልኝም።

አሁን ሱቄ በር የለውም። አዲሱ እስኪሠራ አንተ በተቀመጥክበት ደጃፍ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። ድንጋዩ ይቆረቁራል፤ ነግረኸኝ አታውቅም።

ዘግይቶ የከፈተልህ
ታናሽ ወንድምህ