ከጣሪያው በኩል ያለው ብየዳ

ለባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎ ተሻለዎት? ባለፈው እሁድ ከወንበር ሲነሡ ጠረጴዛውን ደገፍ ሲያደርጉ አይቼ፣ አረጁ ብዬ ነበር። ዓይንዎም እንባ እንባ ይለዋል። የቤትዎ ሰዎችስ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን። እኛ ማለቴ እኔና ልጄ፣ ከግቢው መሐል ደግሞ ያ መኪና።

ሰላምታ ያስቀደምኩት ደብዳቤ ያለ ሰላምታ ስለማያምር ነው። አንቱታውንም የማልተወው ከአክብሮት አይደለም። አንተ የሚባለው የቅርብ ሰው ስለሆነ ነው።

የመጣሁበትን ነገር ልናገር። የፊታችን እሁድ እንዳይመጡ። የልጄን መኪና እርስዎ አይበይዱትም። ይህን ፊት ለፊት ልነግርዎ ይገባኝ ነበር፤ ግን በአፍ አልችልዎትም። አንድ ነገር ስናገር “ሊቋ ደግሞ ዛሬ ምን አነበበች?” ይሉና ያሥቃሉ፤ ልጄም አብራ ትሥቃለች፤ ነገሩም በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። ወረቀት ላይ ግን አያቋርጡኝም።

ልጄ ያንን አሮጌ መኪና ካመጣችው ስምንት ወር ሆናት። ቀን አውቶቡስ ስትጠግን ትውልና፣ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ከሥሩ ትገባለች። ዳገት ላይ ለሚደረገው የመኪና ውድድር ነው የምታዘጋጀው፤ ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ሞተሩ ይሠራል፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ወንበሩ ገብቷል። የቀረው ሮል ባሩ ብቻ ነው፤ ከወንበሩ ጀርባ የሚቆመው፣ መኪናው ቢገለበጥ ጣሪያው ሾፌሩ ላይ እንዳይደፈጠጥ የሚይዘው የብረት ቅስት። አርባ ዓመት ለበየደ ሰው ሮል ባር ምን እንደሆነ የማስረዳው እርስዎ ስለማያውቁት አይደለም። እኔ ማወቄን እንዲያውቁልኝ ነው።

እሁድ ሲመጡ ልጄ የመኪናው ወለል ላይ በጠመኔ ሁለት ክብ አሥምራ ነበር፤ የቅስቱ እግሮች የሚያርፉበት ቦታ። ልትበሳው መሆኑን ስትነግርዎ፣ “ኢንጂነሯ፣ ሰው ጣሪያው ሲያስቸግረው ወለሉን ይበሳል እንዴ?” አሏት። ሣቀች። ትከሻዎ ላይ አድርገው ሲያዞሯት ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እርስዎ ሲቀልዱ ሣቋን አትችለውም። ለሚቀጥለው እሁድ እኔው መጥቼ እበይድልሻለሁ፣ የውድድሩ ተቆጣጣሪ የሚባለውም ሰው የቱቦውን ውፍረት ለክቶ ከመሄድ በቀር ሌላ ሥራ የለውም አሏት። ከዚያ ግን፣ እኔ በረንዳው ላይ ልብስ እያጣጠፍኩ እንደምሰማ እያወቁ፣ አንድ ነገር ጨመሩ።

“የሚታየውን እንበይዳለን፤ የቀረውን ስቱኮ ሞልተን ቀለም እናለብሰዋለን። እዚያ ላይ ማን ቀና ብሎ ያያል?”

ያንን ንግግር ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። ቃል በቃል ያው ነው። ልብሱ ከእጄ ወደቀ። ዞር ብለው አዩኝና ሻይ አለ ወይ አሉኝ። ሻይም አፈላሁልዎት። ልጄ ጠመኔውን በጫማዋ አጠፋችው።

ማንበብ የጀመርኩት ባሌ ከሞተ በኋላ መሆኑን ያውቃሉ። ልጄ አንደኛ ክፍል ስትገባ በእሷው ደብተር፣ ከእሷ እኩል ነው ፊደል የቆጠርኩት። ከዚያ ወዲህ ያላነበብኩት የለም፤ የመድኃኒት ወረቀት፣ የስኳር መጠቅለያ፣ ጎረቤት የጣለው ጋዜጣ። በቅርቡ ደግሞ ልጄ ከምትሠራበት ጋራዥ ገጹ በዘይት የራሰ የብየዳ መጽሐፍ ይዛ መጣች። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ያልገባኝን እሷን እየጠየቅሁ።

ቅስቱን ከኋላ የሚደግፉት ቱቦዎች አናቱ ላይ ይገጥማሉ። መገጣጠሚያው ከጣሪያው ሥር ስለሆነ በመሐላቸው ያለው ክፍተት ከሁለት ጣት አይበልጥም። በያጁ ከታች በኩል ያለውን ይበይዳል፤ ከጣሪያው በኩል ያለው ግማሽ ግን ይቀርበታል፤ እጁም መሣሪያውም አይገባለትም። ለዚህ ነው ወለሉ የሚበሳው። ቅስቱ በሁለቱ ቀዳዳ ቁልቁል ይወርዳል፣ አናቱ ከጣሪያው ይርቃል፣ መገጣጠሚያው ዙሪያውን ይበየዳል። ከዚያ ቅስቱ ወደ ቦታው ይመለስና ከእግሩ ሥር ወፍራም ላሜራ ገብቶ ቀዳዳው ይደፈናል። ሌላ ምሥጢር የለውም። ይኸ ሁሉ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብዬ ልጄን ጠየቅኋት።

“ግማሽ ቀን” አለችኝ፣ ቡሎን እየፈታች።

ከዚያ በኋላ የተናገረችውን አልሰማሁም።

የሚከተለውን እርስዎም ያውቁታል። ቢሆንም በራሴ እጅ ተጽፎ ማየት እፈልጋለሁ።

ባለቤቴ ያኔ ጭነት ይዞ ለሁለት ቀን ሲሄድ፣ እሱም ለዳገቱ ውድድር ያዘጋጀው የነበረውን መኪና ለእርስዎ አደራ ሰጠ፤ እርስዎን ደግሞ ለእኔ። “ወንድሜ እጁ ወርቅ ነው፤ ግን ይቸኩላል። አጠገቡ ቁሚና የቅስቱን አናት ዙሪያውን መበየዱን ተመልከቺልኝ” አለኝ። ቆምኩ። በመጀመሪያው ቀን ከታች ያለውን ጨረሱ። ከላይ ያለው አልገባ ሲልዎት ሁለት ሦስት ጊዜ ተሳደቡና መሣሪያዎን መሰብሰብ ጀመሩ። ዙሪያውን ብሎ ነበር እኮ አልኩዎት። ያን ጊዜ ነው ያንን የተናገሩት። የስቱኮውን ቆርቆሮ እጄ ላይ አኑረው ሄዱ።

የሞላሁት እኔ ነኝ። መቀቢያው አልገባ ስላለ በጣቴ ነው የሞላሁት። ጥፍሬ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ተሰምቶኛል። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፤ በማግሥቱ ቀይ ቀለም ቀባሁት፤ ሁለት ጊዜ ደርቤ። ባሌ ሲመለስ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ አየና ዙሪያውን በየደው ወይ አለኝ።

“ዙሪያውን በይዶታል። ቆሜ አይቻለሁ” አልኩት።

ግንባሬን ሳመኝ።

መሀይም ነበርኩ፣ አይገባኝም ነበር ብዬ ማምለጥ እችላለሁ። ግን ያልተበየደ ነገር ያልተበየደ መሆኑን ለማወቅ ፊደል አያስፈልግም። እውነቱን ልንገርዎ? ያ መኪና ሁለት ዓመት ሙሉ ግቢዬን ይዞት ነበር። ባጠብኩት ልብስ ላይ ዝገት ያራግፋል፤ ባሌ ምግቡን እንኳ ቆሞ፣ በሩን ተደግፎ ነው የሚበላው። እርስዎ እንደገና ይምጡ ቢባል ሌላ ወር ሊፈጅ ነው ብዬ ፈራሁ። አልቆ እንዲወጣልኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። ወጣልኝ።

በውድድሩ ቀን፣ ጠዋት፣ አንድ ኩርባ ላይ ሌላ መኪና ተገልብጦ ነበር፤ ሾፌሩ ልብሱን እያራገፈ ወጣ። ከሰዓት በኋላ እዚያው ኩርባ ላይ የባሌ ተገለበጠ። ቅስቱ ከመገጣጠሚያው ተላቀቀና ጣሪያው ተደፈጠጠ። እርስዎ በማግሥቱ፣ ገና ሳንቀብረው፣ መኪናውን ጋራዥዎ ወስደው ቆራረጡት። ማየቱ ከብዶት ነው ተባለልዎት። ለቅሶው ላይ ከሰው መሐል ተቀምጠው “ፍጥነት ገደለው፤ ስንቴ ነገርኩት” ይሉ ነበር፤ ሰዉም ራሱን እየነቀነቀ ይቀበልዎታል። ከኋላው የነበረው ሾፌር ግን ፈጥኖ አልነበረም ብሎኛል። ልነግርዎ አጥሩ ሥር ድረስ ተከትዬዎት መጣሁ። አላስጨረሱኝም።

“ብየዳው የእኔ ነው። ቀለሙ ግን ያንቺ ነው” አሉኝ። “ዝም ብንል ለሁለታችንም ይሻላል።”

ዝም አልን። ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። አባቷ በፍጥነት እንደሞተ እየሰማች አደገች። በነዳች ቁጥር ሰው ሁሉ እንደ አባትሽ እንዳትሆኚ ይላታል፤ እሷም አንገቷን ትደፋለች። አንድም ቀን አንገቷን ቀና ላደርግላት አልደፈርኩም።

እርስዎ ደግሞ በየሳምንቱ መጡ። ለትምህርት ቤቷ ስብሰባ ሄዱላት፣ ትንሽ ከፍ ስትል ጭንብሉን አልብሰው ብየዳ አስተማሯት። አባት ሆነላት ብለው የሚያመሰግኑዎት ብዙ ናቸው። እኔም አመሰግንዎ ነበር፣ በአፌ። የማልክድዎት ነገር፣ በደንብ አስተምረዋታል፤ የብየዳዋ መስመር እንደ ልብስ ስፌት የተስተካከለ ነው። በዚያ የካሱ ሳይመስልዎት አይቀርም።

ታዲያ ያንን ንግግር ለእሷም እንዴት ተናገሩት? አምስት ቀን አሰብኩበት። ወይ ፈጽሞ ረስተውታል፤ ወይ ደግሞ ሌላ መንገድ እንደነበረ፣ ያውም በግማሽ ቀን የሚያልቅ፣ በእሷ እጅ ሲሠራ ማየት አልሆነልዎትም። ረስተው ከሆነ ይህ ደብዳቤ ያስታውስዎ። ሁለተኛው ከሆነ ይገባኛል፤ እኔም ማየት ከብዶኛል። ልጄን ግን የእርስዎ ሐፍረት ሥር አስቀምጬ አላስነዳትም።

ሰኞ ዕለት ወለሉን ብሺው፣ አጎትሽን አትስሚው አልኳት። መጽሐፉን ገልጬ አሳየኋት። እሷም፣ “አጎቴ አርባ ዓመት በይዷል፤ አንቺ እኮ መጽሐፍ ላይ ነው ያየሽው” አለችኝ። እርስዎ ሊቋ የሚሉኝ ነገር ከእሷ አፍ ሲወጣ እንደዚያ ያማል ብዬ አልጠበቅሁም። ማክሰኞና ረቡዕ ስለ መኪናው አልተነጋገርንም።

ትናንት ሥራ ስትሄድ ትራፓኖውን አወጣሁና ወለሉን ራሴ በሳሁት። የጠመኔው ደብዛ ይታይ ነበር። ትልቅ ቀዳዳ በአንዴ እንዴት እንደሚወጣ ስለማላውቅ በትናንሽ ቀዳዳዎች ከብቤ፣ መሐሉን በመሮና በመዶሻ መትቼ አወጣሁት። ጠርዙን አይጥ የበላው ይመስላል። ሁለተኛው ላይ ክንዴ ደነዘዘ፤ ጎረቤቷ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ምን ሆነሻል አለችኝ፤ ቤት እያጸዳሁ ነው አልኳት። ቀትር ላይ ሁለቱም አለቁ።

ልጄ ስትመለስ በሩን ከፍታ ወለሉን አየች። አበድሽ እንዴ አለችኝ። ከዚያ እጄን ይዛ መዳፌን ገለበጠችው፤ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ድምፅዋ ወረደ።

“እማዬ፣ ምክንያትሽን ንገሪኝ። ካልነገርሽኝ እሁድ አጎቴ ላሜራ ይለጥፍበትና እንዳሰበው ይበይደዋል” አለችኝ።

ነገ አልኳት።

ነገ ያልኩት ዛሬ ነው። ልጄ ፊቷን እየታጠበች ነው፤ ወደ ሥራ ስትሄድ በጋራዥዎ በር ስለምታልፍ ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎት እሷ ናት። ፖስታውን አላሸግሁትም። ለአጎቴ ምን ጻፍሽለት ብትለኝ፣ ትናንት የጠየቅሽኝን ነው እላታለሁ።

ከዚህ በኋላ መኪናውን ማን እንደሚበይደው የምትወስነው እሷ ናት። ዛሬ ከሥራ ስትመለስ ከእኔ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ትቀመጥ እንደሆነም እንደዚያው።

ፈጣሪ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ለወጉ ያህል አይደለም የምመርቅዎ፤ ልጅቷ በርዎ ላይ ቆማ ስትጠይቅዎ በእግርዎ ቆመው እንዲመልሱላት ነው። ለእኔም ያንኑ ያህል ጉልበት ይስጠኝ።

የሟቹ ወንድምዎ ሚስት፣
የልጅቷ እናት