ጣቴ የወንድሜን ስም ይጠራል

ይድረስ ለክቡር አቶ ሀብተጊዮርጊስ
የከተማችን የዲጂታል አገልግሎት ማዕከል ኃላፊ
ቡታጅራ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ እንደ ማዕከልዎ ኔትወርክ ሳይቆራረጥ፣ ቤተሰብዎም በሕይወት እንዳሉ ሁሉ በመዝገብዎም በሕይወት ተጽፈው እንዲቆዩ እመኛለሁ። እኔም ደህና ነኝ እንዳልል ኮምፒውተርዎ ሞተሃል ብሎኛል፤ እሱን መቃወም ደግሞ እፈራለሁ።

አንደኛ፣ በአረፋ ስላደረጉልን መስተንግዶ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት የእኛ ሰው አዲስ አበባ ውሎ አድሮ ለአረፋ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ስለዚህ ያን ሰሞን አገሩ በሙሉ ዲጂታል መታወቂያ ለማውጣት በርዎ ላይ ተሰልፎ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሙሀይሚንም ጫማ ከሚሸጥበት ከመርካቶ መጥቶ አብረን ቆምን። ስሙ ሲጠራ፣ በሬው ሲታረድ እንድደርስ ብሎ ተራውን ለእኔ ለቀቀልኝ። መዝጋቢዎ ቀና ብለው ሳያዩ የእኔን ጣትና ፎቶ በእሱ ስም፣ ቀጥሎም የእሱን በእኔ ስም አስገቡ። ካርዱ እስኪታተም ጠብቁ ስለተባልን ስህተቱን የምናይበት ነገር አልነበረንም። እስካሁን እየጠበቅን ነው።

ሁለተኛ፣ ከአረፋ በኋላ ወደ መርካቶ ተመልሶ የነበረው ሙሀይሚን፣ ሌላ ጊዜ ወደ ቤት ሲመጣ የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ሆስፒታሉ ማንነቱን በጣቱ አጣርቶ ለእናቴ ለሀጀራ ደወለላት፤ ልጅሽ ከማሉ አርፏል አሏት። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። አየችኝና ሳቀች፤ ተሳስታችኋል እያለች ሳቀች። የለበሰውን ጃኬት ቀለም ሲነግሯት ግን ስልኩ ከእጇ ወደቀ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ሳቅ ስለሰጧት አመሰግናለሁ። ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ አሁንም እፈራለሁ።

ሦስተኛ፣ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ልመዘገብ ጣቴን ማሽኑ ላይ ሳደርግ፣ ስክሪኑ «ሙሀይሚን ሰይዶ፣ እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ሰልፍ ላይ በሁሉም ሰው የሚቀልደው ጓደኛዬ ዑመይር እንኳ ያን ጊዜ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በራሴ ስም ሲሞከር ደግሞ «ይህ ሰው በሕይወት የለም» ብሎ ዘጋው። ፈተናው የሚሰጠው ወልቂጤ ነው፤ ምዝገባው ሊያልቅ ነው፤ ሟች አይፈተንም። ከዚያ ወዲህ የራሴን ስልክ በጣቴ መክፈት ትቻለሁ፤ በማን ስም እንደሚጠራኝ አላውቅማ።

አራተኛውና ከባዱ፣ ቢሮዎ የሰጠኝ መፍትሔ ነው። ሟች ማመልከት ስለማይችል፣ በመዝገብ በሕይወት ባለው በሙሀይሚን ስም ገብቼ፣ መሞቱን በገዛ ጣቴ እንዳጸድቅ፣ ያኔ የእኔ ስም ወደ ሕያዋን እንደሚመለስ ተነገረኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ እጄን በሁለት እጇ ያዘችና «አንድ ቦታ እንኳ ይኑርልኝ ልጄ፤ አንተንማ እኔ አውቅሃለሁ» አለችኝ። ከመንደሩ ሰው ጋር ሆኜ አፈር አልብሼዋለሁ፤ ያኔ ብዙ እጅ ነበር። አሁን ግን የእኔ ጣት ብቻ ነው የተጠየቀው። ማሽኑ ፊት ሄጄ ተመልሻለሁ።

ስለዚህ ከወረቀት ወደ ዲጂታል ያሸጋገሩንን ክቡርነትዎን በትሕትና የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ያቺን የማጽደቂያ ቁልፍ እርስዎ ይንኩልኝ። የእርስዎ ጣት ወንድሜን አያውቀውም።

ጊዜዎን ወስደው የሟች ደብዳቤ ስላነበቡ ከልብ የሚያመሰግንዎ፣ በመዝገብዎ ያረፈው፣ በትምህርት ቤት ግን ገና ስሙ የሚጠራው፣

ከማሉ ሰይዶ
የሙሀይሚን ታናሽ ወንድም

ሳልረሳው፦ ትናንት ማዕከልዎ በወንድሜ ስልክ፣ በአገልግሎታችን ምን ያህል እንደረኩ ከአንድ እስከ አምስት ይስጡ የሚል መልእክት ልኮ ነበር። ስልኩን የያዘችው እናቴ ናት። ማንበብ ስለማትችል እሱ የጻፈላት መስሏት እየሮጠች አመጣችልኝ። ደህና ነኝ ይላል አልኳት። አምስት ሰጥተንዎታል።